ከማክዴቪድ ቀጥሎ ማን ያግባ?

ጁን 24 ቀን 2024 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኤድመንተን ኦይለርስ በስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ በፍሎሪዳ ፓንተርስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። የካናዳው ቡድን በተከታታይ ሦስት ጨዋታ ተሸንፎ አበቃለት ከተባለ በኋላ ሦስቱን ተከታትሎ አሸንፎ ነበር ለሰባተኛው የበቃው። ኮነር ማክዴቪድ በዚያ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫው በሚደረገው ግጥሚያ) 42 ነጥብ ሰበሰበ፤ 8 ጎል አገባ፣ ለ34 ጎል ደግሞ አቀበለ። ከተሸናፊው ቡድን ሆኖ ሳለ የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ይሁን እንጂ በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ፓንተርሶች ፈናፈኛ አሳጡት፤ ጎልም አላገባም፣ አላቀበለምም። በስድስተኛው ጨዋታ ሌሎቹ ክፍተቱን ሸፈኑለት። በሰባተኛው የሸፈነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቡድኑ ብቸኛ ጎል የማቲያስ ያንማርክ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 1፣ የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ የነፃ ተጫዋቾች ገበያ ተከፈተ። ኤድመንተን በዚያን ቀን ማንም ያልጠበቀውን ያህል ፈጠነ። የቡድኑን ጉዳይ በጊዜያዊነት የያዘው ጄፍ ጃክሰን ጄፍ ስኪነርን በአንድ ዓመት ውል በ3 ሚሊዮን ዶላር፣ ቪክቶር አርቪድሰንን በሁለት ዓመት ውል በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። አዳም ሄንሪክ፣ ያንማርክ፣ ኮነር ብራውንና ኮሪ ፔሪም ውላቸውን አደሱ። ስኪነር በቡፋሎ ሳለ በአንድ የውድድር ዓመት 35 ጎል ያገባ ሰው ነው። በአልበርታ ያለው ደጋፊ ከሽንፈቱ ሐዘን ሳይወጣ ተስፋ ታየው። ቡድኑም ለቀጣዩ ዓመት ዋንጫ ከፍተኛ ግምት ከተሰጣቸው ቀዳሚው ሆነ።

እኔ ያንን ክረምት የማየው በሌላ ዓይን ነው። ኤድመንተን በጁላይ ጎል አግቢ ገዛሁ ብሎ በኦገስት የራሱን ጎል አግቢ አሳልፎ ሰጠ። ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ሒሳብ የተያያዙ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለመረዳትም ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል።

ሆኪን በቅርብ ለማይከታተል አንባቢ ጨዋታው እንዴት እንደሚካሄድ ላስረዳ። በበረዶው ላይ በአንድ ጊዜ ያሉት ከእያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ናቸው። እንደ እግር ኳስ ግን አሥራ አንዱ ገብቶ ዘጠና ደቂቃ አይቆይም። ለአንድ ጨዋታ አሥራ ሁለት አጥቂዎች ይሰለፋሉ፤ ሦስት ሦስት ሆነው አራት መስመር ይሠራሉ። አንዱ መስመር ገብቶ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል፤ ከዚያ ጨዋታው ሳይቆም ይወጣና ሌላው ይተካዋል። ፍጥነቱ ከዚያ በላይ የሚያስቆይ አይደለም። ማክዴቪድን የመሰለ በዓለም አንደኛ የሚባል ተጫዋች እንኳ ከ60ው ደቂቃ በበረዶው ላይ የሚቆየው 22 ያህሉን ነው። ቀሪውን 38 ደቂቃ ተቀምጦ ያያል። ዋንጫ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚያ 38 ደቂቃ ነው።

ኤድመንተን ሌላም ኮከብ አለው፤ ጀርመናዊው ሊዮን ድራይሳይትል። አሠልጣኙ ሁለቱን ለያይቶ ሲያሰልፋቸው የመጀመሪያው ሁለት መስመር አስፈሪ ይሆናል። ቡድኑ ሲበለጥና ጊዜው ሲያጥር ግን ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋቸዋል። ያኔ ሦስት መስመር ያለ ኮከብ ይቀራል፤ ተጋጣሚም ምርጥ ተከላካዮቹን በአንዱ መስመር ላይ ብቻ ያሰማራል። የፓንተርሶቹ አሠልጣኝ ፖል ሞሪስ በ2024ም፣ ሁለቱ ቡድኖች በፍጻሜው ዳግም በተገናኙበት በ2025ም ይህን ዕድል በሚገባ ተጠቅሞበታል።

የ2024/25 መደበኛ ውድድር አኃዝ ችግሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ድራይሳይትል 52 ጎል አግብቶ በሊጉ አንደኛ ወጣ። ከሱ ቀጥሎ በቡድኑ ውስጥ ያለው ዛክ ሃይመን 27 ነው፤ ማክዴቪድ 26፣ ራያን ኑጀንት ሆፕኪንስ 20። አምስተኛው ማን እንደሆነ ይታይ፤ ኮሪ ፔሪ፣ 19 ጎል። የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ 40 ዓመት የሞላው ሽማግሌ! በጁላይ በታላቅ ተስፋ የመጡት ስኪነርና አርቪድሰን 16 እና 15 አገቡ። ለሁለቱ በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል፤ የተገኘው 31 ጎል ነው።

ጥፋቱን በስኪነር ላይ መጫን አልወድም። ስኪነር በቡፋሎ 35 ጎል ያገባው ከቴጅ ቶምፕሰንና ከአሌክስ ተክ ጋር በአንደኛው መስመር እየተሰለፈ ነው። ጎሉ አጠገብ ፓክ (በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) ከደረሰው የሚጨርስ ሰው ነው፤ ፓኩን ከሩቅ ይዞ የሚመጣለት ግን ይፈልጋል። ኤድመንተን ሲመጣ ተጋጣሚ በቅጣት ተጫዋች ሲጎድልበት የሚገባው ቀዳሚው አምስት ሙሉ ነበር፤ ማክዴቪድ፣ ድራይሳይትል፣ ሃይመን፣ ኑጀንት ሆፕኪንስና ተከላካዩ ኤቫን ቡሻርድ የያዙትን ቦታ ማንም አይነጥቃቸውም። በቀዳሚዎቹ መስመሮች የነበረውም ቦታ ሳይውል ሳያድር ለሌላ ተሰጠ። ስኪነር ወደ ሦስተኛና አራተኛ መስመር ወርዶ በጥቂት ደቂቃ፣ ከመከላከል ውጪ ብዙ ከማይጠየቁ ጓዶች ጋር እንዲያገባ ተጠበቀ። ከአንድ ሺህ ሰባ በላይ የመደበኛ ውድድር ጨዋታ አድርጎ ፕሌይኦፍ ረግጦ የማያውቅ ይህ ሰው በ2025 የፀደይ ወራት በመጨረሻ ዕድሉ ደረሰው። አንድ ጨዋታ ተሰለፈ፤ ከዚያ ለሳምንታት ከሰልፉ ውጪ ሆነ። ለሦስተኛ መስመር የሚሆን ሰው ሲያስፈልግ ለአንደኛ መስመር የሚሆን ሰው መግዛት ውጤቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ኦገስት እንምጣ። ዲለን ሆሎዌይና ፊሊፕ ብሮበርግ ኤድመንተን በወጣቶች ምልመላ የመጀመሪያ ዙር መርጦ ያሳደጋቸው ልጆች ናቸው፤ ብሮበርግ በ2019 በ8ኛ፣ ሆሎዌይ በ2020 በ14ኛ ተራ። ሆሎዌይ አጥቂ ነው፤ በ2024ቱ የፍጻሜ ጉዞ 5 ጎል አግብቷል። ብሮበርግ ተከላካይ ነው፤ በዚያው ጉዞ መጨረሻ ላይ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ዋጋውን አሳይቷል። የሁለቱም ውል በዚያ ክረምት አለቀ። ገና ወጣቶች ስለሆኑ እንደ ስኪነር ወደፈለጉበት መሄድ አይችሉም። ሌላ ቡድን ግን የውል ሐሳብ ሊያቀርብላቸው ይችላል፤ የቀድሞው ቡድን በሰባት ቀን ውስጥ ያንኑ ያህል እከፍላለሁ ካለ ያስቀራቸዋል፤ ካላለ በካሳ መልክ የምልመላ ተራ ተቀብሎ ይለቃቸዋል። በሊጉ ብዙ ጊዜ የማይደረግ፣ ሥራ አስኪያጆችም እንደ ነውር የሚቆጥሩት መንገድ ነው።

የሴንት ሉዊስ ብሉስ ሥራ አስኪያጅ ዳግ አርምስትሮንግ ኦገስት 13 ቀን ለሁለቱም በአንድ ጊዜ አቀረበ። ለብሮበርግ በዓመት 4,580,917 ዶላር፣ ለሆሎዌይ 2,290,457 ዶላር፤ ሁለቱም ለሁለት ዓመት። ኤድመንተን ሊጉ ለቡድኖች የወሰነው የደመወዝ ጣሪያ ላይ ደርሶ ነበር። የዚያ ዓመት ጣሪያ 88 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚያ ላይ ካለፈው ዓመት የተሻገረ ዕዳ ነበረበት። ኮነር ብራውን በ2023 ሲፈርም መነሻ ደመወዙ ትንሽ ሆኖ አሥር ጨዋታ ከተጫወተ 3.225 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ እንዲያገኝ ተስማምተው ነበር። አሥሩን ጨዋታ ተጫወተ፤ ጉርሻውም ለ2024/25 ሒሳብ ተላለፈ። ብራውን በዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ አንዲት ጎል ለማግባት እስከ ማርች መጠበቁን ያስታወሰ፣ ነገሩ ምን ያህል ውድ እንደነበር ይገባዋል።

ኤድመንተን ኦገስት 20 ቀን ሁለቱንም ለቀቀ። በምትኩ አንድ የሁለተኛ ዙርና አንድ የሦስተኛ ዙር የምልመላ ተራ አገኘ።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ለሆሎዌይና ለብሮበርግ የተጠየቀው ተደምሮ በዓመት 6.87 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለስኪነርና ለአርቪድሰን የተሰጠው 7 ሚሊዮን። በገንዘብ የሚለያዩት በጥቂቱ ነው። ሆሎዌይ በሴንት ሉዊስ የመጀመሪያ ዓመቱ 77 ጨዋታ ተጫውቶ 26 ጎልና 63 ነጥብ አስመዘገበ፤ ይህም ከማክዴቪድ የዚያ ዓመት ጎል ጋር እኩል ነው። ብሮበርግም የቡድኑ ቋሚ ተከላካይ ሆነ።

ሁለቱን የለቀቀው ስታን ቦውማን ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የተሾመው ጁላይ 24 ነው፤ ገበያው ካለፈ በኋላ የደረሰ ሰው ነው። ብሮበርግም እስከዚያ ድረስ ለ4.58 ሚሊዮን የሚያበቃ ብዙ ጨዋታ አልነበረውም። በኦገስት የተወሰነው ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ያስኬዳል እላለሁ። ስሕተቱ ቀደም ብሎ የተሠራ ነው። የራስን ልጆች ውል ሳያስሩ ገንዘቡን ሁሉ በጁላይ 1 ገበያ ላይ ማውጣት በሩን ለሴንት ሉዊስ ክፍት መተው ነበር። ጁላይ 1 በሆኪ ዓመት ውስጥ ዋጋ ከሁሉ የሚንርበት ቀን ነው፤ ሠላሳ ሁለት ቡድን በአንድ ጊዜ ይገዛል፣ የሚሸጠው ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜው ሠላሳን የተጠጋ ወይም ያለፈ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ፍሎሪዳ ሸክሙን ለብዙ ሰው አካፍሎ ነው ሁለት ዋንጫ የወሰደው። እነዚህን ሰዎች እንዴት እንዳገኛቸው መመልከት ያስተምራል። ካርተር ቨርሄግን ታምፓ ሳይፈልገው ሲቀር በ2020 በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው፤ እሱም በኋላ በአንድ የውድድር ዓመት 42 ጎል አገባ። ከተከላካዮች ሁሉ የተመሰገነው ጉስታቭ ፎርስሊንግ ካሮላይና ሲጥለው ያለምንም ክፍያ የተወሰደ ነው። ሳም ቤኔት ካልጋሪ ውስጥ ተስፋ የተቆረጠበት፣ ሳም ራይንሃርት ቡፋሎ ውስጥ በሽንፈት ዓመታትን የገፋ ተጫዋች ነበር። ሁሉም በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ ወይም ዋጋቸው ወርዶ ሳለ መጡ፤ ሥራ አስኪያጁ ቢል ዚቶ ለእያንዳንዳቸው ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል።

በ2025 ማርች ደግሞ የቦስተኑን ብራድ ማርሻንድን አመጣ። ማርሻንድ በፍጻሜው ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር። አሠልጣኙ ሞሪስ በአንደኛው መስመር አላስገባውም፤ ከፊንላንዳውያኑ አንቶን ሉንደልና ኤቱ ሉኦስታሪነን ጋር በሦስተኛው መስመር አሰለፈው። የፍጻሜውን ሁለተኛ ጨዋታ ያየ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ አይቷል። ኤድመንተን 4 ለ 3 እየተመራ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 18 ሰከንድ ሳይሞላ ፔሪ አቻ አደረገ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ተጨማሪው ሰዓት አልቆ ሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ተጀመረ፤ ኮከቦቹ ሁሉ ደክመዋል። ሉንደል ከመሀል ፓኩን አሻገረ፤ ማርሻንድ ከተከላካዮቹ ኋላ ብቻውን አመለጠና ግብ ጠባቂውን ስቱዋርት ስኪነርን አልፎ አገባ። 5 ለ 4። ይህን ያደረገው የፍሎሪዳ ሦስተኛ መስመር ነው! ማርሻንድ በስድስቱ የፍጻሜ ጨዋታዎች 6 ጎል አገባ፤ ቤኔት በፕሌይኦፉ በጠቅላላው 15 አግብቶ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በስድስተኛው ጨዋታ ራይንሃርት ብቻውን 4 አገባ፤ ዋንጫውም በ5 ለ 1 ተጠናቀቀ።

በኤድመንተን ብዙ ሰው ጥፋቱን ወደ ግብ ጠባቂው ይወስደዋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ጨዋታ ስቱዋርት ስኪነር ተቀይሮ መውጣቱ እውነት ነው። ሃይመንም በግማሽ ፍጻሜው ከዳላስ ጋር እጁ ላይ ተጎድቶ ፍጻሜውን አልተጫወተም፤ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ኤድመንተን ከመጨረሻዎቹ አራት ጨዋታዎች በተሸነፈባቸው ሦስቱ ያገባው 1፣ 2 እና 1 ጎል ነው። በአንድ ጎል ዋንጫ የሚያስገኝ ግብ ጠባቂ ይኖራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በአንድ ሰው መጎዳት ማጥቃቱ እንዲህ የሚደርቅ ከሆነም የጎደለው ነገር ከአንድ ሰው በላይ ነው።

ኤድመንተን ትምህርቱን ከሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልገውም። የቡድኑ የቀድሞ ኮከብ ዌይን ግሬትስኪ በኦገስት 1988 ወደ ሎስ አንጀለስ ከሄደ በኋላ በምትኩ ከመጡት አንዱ ጂሚ ካርሰን ነበር፤ ገና ወጣት ሆኖ በመጀመሪያ ዓመቱ 49 ጎል አገባ። በኖቬምበር 1989 ዋና ሥራ አስኪያጁ ግሌን ሳዘር ይህን ጎል አግቢ ለዲትሮይት ሰጥቶ ፒተር ክሊማን፣ ጆ መርፊንና አዳም ግሬቭስን ጨምሮ አራት ተጫዋቾች ወሰደ። በወቅቱ ኪሳራ የመሰለው ሰው ጥቂት አልነበረም። አሠልጣኙ ጆን መክለር ግሬቭስንና መርፊን ከ19 ዓመቱ ማርቲን ጄሊና ጋር አሰለፈ፤ ሦስቱ ወጣቶች በዚያ የፀደይ ወቅት ተጋጣሚን ያስጨነቁ መስመር ሆኑ።

ሜይ 15 ቀን 1990 በቦስተን የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ 2 ለ 2 ሆኖ ሦስተኛ ተጨማሪ ሰዓት ውስጥ ገባ። ክሊማ በመከላከል ደካማ ነው ተብሎ የጨዋታውን አብዛኛውን ክፍል ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። ሌላው ሁሉ እግሩ ሲዝልበት መክለር አስገባው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቦስተኑን ግብ ጠባቂ አንዲ ሙግን አሸንፎ አገባ። በስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ ረጅሙ ጨዋታ በዚህ ተቋጨ፤ ኤድመንተን ዋንጫውን በአምስት ጨዋታ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ዋንጫ አላየም። በግሬትስኪ ዘመን አራት አግኝቶ አምስተኛውን ያለ ግሬትስኪ ያገኘ ቡድን፣ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ሊያውቅ ይገባዋል።

በ2025 ክረምት ቡድኑ ብዙ ሰው ለወጠ። ጄፍ ስኪነር፣ አርቪድሰን፣ ብራውን፣ ፔሪና ኢቫንደር ኬን ሁሉም ሄዱ። ቡሻርድ በዓመት 10.5 ሚሊዮን ዶላር ለአራት ዓመት ታሰረ፤ ያ ተገቢ ውል ነው። ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። በነፃ ገበያው አንድሩ ማንጃፓኒ በሁለት ዓመት ውል በዓመት 3.6 ሚሊዮን መጣ። ማንጃፓኒም በ2021/22 በካልጋሪ 35 ጎል አግብቷል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት 17፣ 14 እና 14። ከአንድ ደማቅ ዓመት ትዝታ ጋር ሰውን መግዛት የጄፍ ስኪነርን መንገድ መድገም ነው። ትሬንት ፍሬድሪክ ደግሞ በ3.85 ሚሊዮን ለስምንት ዓመት ፈረመ። ጠንካራ፣ ተጋፊ፣ ለፕሌይኦፍ የሚሆን ተጫዋች መሆኑን አልክድም፤ ለሦስተኛ መስመር ሰው ግን ስምንት ዓመት ረጅም ነው።

በሌላ በኩል ሁለት ወጣቶች አሉ። ማት ሳቮይ ከኤድመንተን አጠገብ በምትገኘው ሴንት አልበርት የተወለደ ልጅ ነው፤ በ2022 በ9ኛ ተራ ተመልምሎ በራያን መክሊዮድ ልውውጥ ከቡፋሎ መጣ። አይዛክ ሃዋርድ በ2025 የአሜሪካ የኮሌጅ ሆኪ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትን ያገኘ ነው። ሁለቱም በመጀመሪያ ውላቸው ላይ ስለሆኑ ደመወዛቸው አነስተኛ ነው። ድራይሳይትል ከ2025/26 ጀምሮ በዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር፣ ማክዴቪድ 12.5 ሚሊዮን የሚወስዱበት ቡድን ከዚህ ሌላ ርካሽ ጎል የሚያገኝበት ምንጭ የለውም። ሳቮይና ሃዋርድ ሦስት ጨዋታ ተሰልፈው አንድ ስሕተት ሲሠሩ ከሰልፍ የሚወጡ ከሆነ፣ ሆሎዌይ በሴንት ሉዊስ ያበበው ለምን እንደሆነ ገና አልገባንም ማለት ነው። ሆሎዌይ እዚያ ያገኘው ተጨማሪ ችሎታ አይደለም፤ ደቂቃ ነው፣ ከጥሩ ጓድ ጋር መሰለፍ ነው፣ ሲሳሳት ተመልሶ የመግባት መተማመን ነው።

ስለዚህ ቦውማንና አሠልጣኙ ክሪስ ኖብላክ በሚመጣው ጁላይ 1 ከመቸኮል ይልቅ ቀድመው ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እለምናለሁ። አንደኛ፣ የራሳቸው ወጣቶች ውል ከማለቁ ዓመት በፊት ይደራደሩ። ሁለተኛ፣ ለሦስተኛው መስመር ሲገዙ ባለፈው ስንት ጎል አገባ ብለው ሳይሆን በ13 ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ ማክዴቪድ፣ የተጋጣሚን ጥቃት እየመከተ ምን ያህል ያገባል ብለው ይግዙ። የደመወዝ ጣሪያው በ2025/26 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በቀጣዩ ዓመት 104 ሚሊዮን፣ ከዚያ በኋላ 113.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ገንዘቡ ይኖራል። ጊዜው ግን ብዙ አይደለም፤ ማክዴቪድ በኦክቶበር 2025 የፈረመው ማራዘሚያ የሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ በ2028 ክረምት ያበቃል።